ቀን የቆረጠ ትንፋሽ ቆረጠ

ዝናብ ሲያባራ ተራራ ይሸጣል። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ገበያ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆማል። በኬንያና በታንዛንያ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘልቀው ረጅሙ ዝናብ ሲያበቃ የኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ መንገዶች ይደርቃሉ፤ የኅዳሩ አጭር ዝናብ አልፎ ጥርና የካቲት ሲመጡም እንደዚሁ። በኢትዮጵያ ደግሞ ሰኔ ላይ የገባው ክረምት መስከረም ላይ ሲሰናበት የሰሜን ተራሮች ጭጋጋቸውን ገፈው፣ ገደሉ አረንጓዴ ለብሶ፣ ጅረቱ ገና ሳይጎድል ዓይንን ይጠራሉ። ወቅቱ መልካም ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚነሣው ከወቅቱ ጋር አብሮ ብቅ በሚለው ማስታወቂያ ላይ ነው። ኪሊማንጃሮ በአምስት ቀን፣ የኬንያ ተራራ ከዓርብ እስከ እሑድ፣ የሰሜን ተራሮች በሁለት ቀን፤ ከሥሩ ዋጋ፣ ከዋጋው ሥር ደግሞ ከሌላው ሁሉ ርካሽ መሆኑን የሚመሰክር ቃል። ማስታወቂያው የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ ዋጋው የረከሰው ከምን ላይ ተቀንሶ እንደሆነ አይገልጽም። የድንኳኑ ሸራ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የፓርኩ መግቢያ ለሁሉም ሻጭ ያው ነው። ሊቀነስ የሚችለው ከሦስት ነገሮች ላይ ብቻ ነው፤ ከቀኑ፣ ከተሸካሚው ቁጥርና ከሠራተኛው ደመወዝ። ስለዚህ ርካሹን ጉዞ የሚከፍልለት ሰው አለ። አንዳንዱን ተጓዡ በሳንባው ይከፍለዋል፤ የቀረውን ሌላ ሰው በትከሻው።

በመሪ የሚካሄድ የተራራ ጉዞ ዛሬ የሚታቀደው በአብዛኛው ተገልብጦ ነው። በመጀመሪያ ዋጋው ይቆረጣል፤ ዋጋው ቀኑን ይወስናል፤ ቀኑ ሸክሙን ይወስናል፤ በመጨረሻ ተራራው ከዚህ ሁሉ ጋር እንዲስማማ ይጠበቃል። ተራራ ግን አይስማማም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ሸክም፣ በመጨረሻ ዋጋ።

የከፍታ ሒሳብ

ከ2,500 ሜትር ገደማ በላይ የአየሩ መሳሳት በሰውነት ላይ መታወቅ ይጀምራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። አብዛኛው ሰው አርፎ ይሻለዋል። ምልክቱ ቸል ተብሎ ሽቅቡ ሲቀጥል ግን ሳንባ ውኃ ሊቋጥር፣ አንጎልም ሊያብጥ ይችላል፤ ያኔ ነገሩ በሰዓታት ውስጥ የሞት የሽረት ይሆናል። ከሁሉ የሚቀድመው መድኃኒት መውረድ ነው።

የተራራ ሐኪሞች ምክር የተወሳሰበ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል፣ በየሦስትና በየአራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ሌሊት በዚያው ከፍታ እንዲታደር ይመክራሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዚህ ነገር የተተረተ ይመስላል።

ይህን ሒሳብ ይዞ የኪሊማንጃሮን የማራንጉ መንገድ ማየት ይበቃል። መንገደኛው በመጀመሪያው ሌሊት በማንዳራ ጎጆዎች 2,720 ሜትር ላይ ያድራል። በሁለተኛው ሌሊት ሆሮምቦ፣ 3,720 ሜትር ላይ ነው። በሦስተኛው ኪቦ፣ 4,700 ሜትር ገደማ። ከዚያም እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ ወደ 5,895 ሜትሩ ጫፍ ይገሰግሳል። በየሌሊቱ አንድ ሺህ ሜትር፣ ማለትም ከሚመከረው እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው መሪዎች በሆሮምቦ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ካልታደረ ብለው የሚከራከሩት። አምስቱን ቀን ስድስት የምታደርገው ያች አንዲት ሌሊት ናት። የፓርኩ ክፍያ በቀን የሚታሰብ በመሆኑ፣ የሠራተኛውም አበል እንዲሁ፣ ሻጩ ዋጋ ለማውረድ ሲያስብ መጀመሪያ እጁ የሚያርፈው በዚህችው ሌሊት ላይ ነው። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ትሰረዛለች፤ በተራራው ላይ የአንድ ሰው ትንፋሽ ትቆረጣለች።

የናይሮቢ ነዋሪ ከዚህ ያልተሻለ ምሳሌ በቅርቡ አለው። ከተማው 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በናሮ ሞሩ መንገድ የኬንያን ተራራ ለመውጣት የሚሻ የሳምንት መጨረሻ ተጓዥ 3,050 ሜትር ላይ እስካለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ድረስ በመኪና ሊደርስ ይችላል። በማግስቱ 4,200 ሜትር ላይ ወዳለው የማኪንደር ሰፈር ይወጣል፤ በዚያው ሌሊት ደግሞ 4,985 ሜትር ወዳለው ወደ ሌናና ጫፍ። ዓርብ ከቢሮ የወጣ ሰው እሑድ ማለዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ተጉዟል ማለት ነው። ከሥራ ሰዓት ጋር የተስማማው ይህ ዕቅድ ከሰው ደም ጋር አይስማማም።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚሰማ መልስ አለ፤ እኛ የደጋ ልጆች ነን የሚል። እርግጥ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከባሕር ዳርቻ ከመጣው የተሻለ መነሻ አለው። ይሁንና 2,300 ሜትር 4,500 ሜትር አይደለም። ለዓመታት በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ የኖረ የደጋ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ የሚቆጥረው አያቱ የኖሩበትን አምባ ሳይሆን እሱ ያደረበትን ከፍታ ነው። ለመስቀል አገር ቤት ገብቶ፣ የሁለት ሳምንት ፈቃዱን ለዘመድ፣ ለሠርግና ለተሳላሚነት አከፋፍሎ፣ የተረፉትን ሁለት ቀናት ለተራራ የሚሰጥ ሰው ከማንኛውም እንግዳ ያልተለየ አደጋ ላይ ነው። ወጣትነትና ጉልበትም ዋስትና አይሆኑም። እንዲያውም ጉልበተኛው ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ የሚታመምበት ጊዜ አለ። ለከፍታ ሕመም መከላከያ የሚዋጠው ክኒንም ቢሆን ሰውነት እንዲለምድ ያግዛል እንጂ የተሰረዘን ሌሊት አይተካም።

የሚገርመው፣ በሰሜን ተራሮች የቀድሞው የበቅሎ መንገድ ይህን የሐኪሞች ምክር ማንም ሳይነግረው ሲፈጽም መኖሩ ነው። ከደባርቅ የተነሣ መንገደኛ 3,250 ሜትር ላይ ሳንቃበር ያድራል፤ በማግስቱ 3,600 ሜትር ላይ ግጭ፤ በሦስተኛው ቀን በእሜት ጎጎ አፋፍ ዞሮ 3,620 ሜትር ላይ ጨነቅ ይደርሳል። ከዚያ ከ4,400 ሜትር በላይ የሆነውን የቧሂትን ትከሻ ተሻግሮ ወደ አምቢቆ ይወርድና 3,200 ሜትር ላይ ያድራል፤ ለ4,550 ሜትሩ ራስ ዳሸን የሚነሣውም ከዚያ ነው። ከፍ ብሎ መራመድ፣ ዝቅ ብሎ መተኛት የሚባለው ሥርዓት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም። የበቅሎዋ እርምጃ የእንግዳውን ሳንባ ሲጠብቅ ኖሯል። ዛሬ መኪና ጨነቅ ድረስ ይደርሳል። ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ካለችው ጎንደር ጠዋት የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ 3,600 ሜትር ላይ ድንኳን ሊተክል ይችላል። መንገዱ ለገበሬው፣ ለወላዷና ለነጋዴው በረከት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነውሩ ሌላ ነው፤ መኪና ስለደረሰ ብቻ ሦስቱ የማለማመጃ ቀናት ከዕቅዱ ወጥተው ጉዞው ለጥድፊያ መሸጡ ነው።

ዝናብ አበቃ ማለት

ሁለተኛው የዕቅድ ስሕተት የቀን መቁጠሪያን እንደ ውል መቁጠር ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ይወጣል ስለተባለ ሰማዩ ፊርማውን ያኖረ ይመስል፣ ለክፉ ቀን የሚሆን አንዲት ትርፍ ቀን እንኳ ሳይተው ጉዞው ይጠጋጋል። ጠዋት መውጣት፣ ማታ መድረስ፣ በማግስቱ አውሮፕላን።

ለዚህ መራራው ትምህርት የመጣው ከኔፓል ነው። በሂማልያ ሞንሱን የሚባለው የክረምት ዝናብ በመስከረም መጨረሻ ይወጣል፤ ጥቅምት ሰማዩ ከዓመቱ ሁሉ የጠራበት፣ መንገዱም በተጓዥ የሚጨናነቅበት ወር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በዚሁ በተመረጠው ወር በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ የመታው ሁድሁድ የተባለው ማዕበል ጅራቱን ወደ ሰሜን ሰደደ፤ በአናፑርና አካባቢ 5,416 ሜትር ከፍታ ባለው የቶሮንግ በር ዙሪያ በድንገት በረዶ ወረደ። ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት መካከል የውጭ አገር ተጓዦች ብቻ ሳይሆኑ መሪዎችና ተሸካሚዎች፣ የአካባቢው እረኞችም ነበሩበት። ማዕበሉ እንደሚመጣ በቆላው አገር አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ወሬው ግን መንገድ ላይ ለነበሩት ለብዙዎቹ አልደረሰም። ወቅቱ ትክክል ነበር፤ ሰማዩ ግን ለወቅቱ አልታዘዘም።

የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች እንዲህ ያለ ማዕበል አይጎበኛቸውም ብሎ መጽናናት ቀላል ነው። ነገር ግን በመስከረም መጨረሻ በሰሜን ተራሮች ከሰዓት በኋላ የሚወርደው የመሰናበቻ ዝናብና በረዶ፣ አፋፉን በደቂቃዎች ውስጥ የሚሸፍነው ጭጋግ፣ ገና ያልደረቀው የገደል ዳር ጭቃ ሰውን ለመጣል ማዕበል አያሻቸውም። ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ሌሊቱ ውኃ የሚያረጋ ብርድ ነው። ስለዚህ ትርፍ ቀን የሌለው ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በተራራ ላይ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም።

ሃምሳ ሎሚ

እስካሁን የተነገረው ከፍሎ ስለሚሄደው ሰው ነው። ተከፍሎት ስለሚሄደውስ?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዚህ ተረት ውስጥ የኪሊማንጃሮ የተሸካሚዎች ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አለ። በዚያ ተራራ በቅሎ አይጫንም። ድንኳኑ፣ ምግቡ፣ ወንበርና ጠረጴዛው፣ የማብሰያው ጋዝ ሁሉ በሰው ራስና ጀርባ ይወጣል። ጭነቱ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ሥራ ነው፤ ለጥቂት ሰው ሲቆለል ግፍ ነው። የፓርኩ ደንብ አንድ ተሸካሚ የሚይዘው የጉዞው ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ በመግቢያ በሮችም ሚዛን ተሰቅሏል። ይሁን እንጂ ሚዛኑ የሚመዝነው ጭነቱን ነው። ተሸካሚው ማታ የት እንደሚተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደሚበላ፣ የተባለለት ገንዘብ በሙሉ እጁ ይግባ አይግባ ሚዛን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት ለተሸካሚዎች የብርድ ልብስ እያዋሰ፣ የደመወዙን፣ የምግቡንና የመኝታውን ሁኔታ በየጉዞው እየተከታተለ የቆየው ለዚህ ነው። ደንብ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ተቋም ባላስፈለገም ነበር።

በሰሜን ተራሮች ሸክሙ በበቅሎና በፈረስ ጀርባ ስለሚወጣ ነገሩ የተሻለ ሊመስል ይችላል። ግን በቅሎዋን የሚነዳው ሰው አለ። ይህ ሰው ገበሬ ነው። ተጓዡ ሰማዩ ጠራ ብሎ የሚመጣባቸው ጥቅምትና ኅዳር ለእሱ ገብሱ የሚደርስባቸው፣ የሚታጨድባቸውና የሚወቃባቸው ወራት ናቸው። በጉዞው ዋዜማ ማታ ተጠርቶ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከነበቅሎው ደባርቅ እንዲገኝ ሲታዘዝ፣ ማሳው ላይ የቀረው እህል በዕቅዱ ውስጥ አልተጻፈም። ከሳምንታት በፊት ቢነገረው ከጎረቤቱ ጋር ወንፈል ተነጋግሮ፣ ማን መቼ እንደሚያጭድ ወስኖ ይወጣ ነበር። አስቀድሞ ማሳወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ገበሬውን ሰው ብሎ መቁጠርን ነው።

ከበቅሎ ነጂው ጎን ጠመንጃውን አንግቦ የሚሄደው ስካውት አለ። በፓርኩ ሥርዓት መሠረት ተጓዡን ያጅባል፤ መንገዱን፣ አውሬውንና ሰዉን ያውቃል። እንግዳው በወፍራም የመኝታ ከረጢት ተጠቅልሎ በሚተኛበት ሌሊት፣ ስካውቱ በአንድ ጋቢ ብቻ እሳት ዳር ሲያነጋ መታየቱ በዚያ መንገድ ላለፈ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ደጋግሞ የሚሰጠው ማብራሪያ እነሱ ብርዱን ለምደውታል የሚል ነው። ብርድ አይለመድም፤ ይታገሡታል እንጂ። ለእንግዳው ሦስት ዓይነት እራት የሚያስጭን ዕቅድ ለአጃቢው አንድ ድንኳንና አንድ ብርድ ልብስ የሚሆን ቦታ አጣሁ ሲል የጎደለው ቦታ አይደለም።

ተመለሱ ማለት የሚችል መሪ

መሪ ማስገደድ ብቻውን መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። ኔፓል እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የውጭ አገር ተጓዦች ፈቃድ ያለው መሪ ሳይዙ እንዳይሄዱ የሚያዝዝ ደንብ አውጥታለች። የደንቡ ሐሳብ መልካም ነው። ነገር ግን መሪ መያዝና በመሪ መመራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀኑን የቆረጠው፣ ማደሪያውን የመረጠው፣ ሰዓቱን የወሰነው በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ወኪል ከሆነ፣ ተራራው ላይ ያለው መሪ መሪ ሳይሆን የሌላ ሰው ዕቅድ አስፈጻሚ ነው።

የመሪ ዋናው ሥራ የአበባውንና የወፉን ስም መንገር አይደለም። ዋናው ሥራው በትክክለኛው ሰዓት ተመለሱ ማለት ነው። ይህን ለማለት ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ቃሉም በደመወዙ ላይ ጉዳት እንዳያመጣ ዋስትና ያስፈልገዋል። ጉርሻው እንግዳው ጫፍ በመድረሱ ላይ የተንጠለጠለ መሪ፣ ቀጣዩን ሥራ የሚያገኘው ስንት ሰው ጫፍ አደረሰ ተብሎ ተቆጥሮ የሆነ መሪ፣ የታመመን ሰው ትንሽ ቀረን እያለ እንዲገፋ ይፈተናል። ፈተናውን የፈጠረው የመሪው ስግብግብነት ሳይሆን የዕቅዱ አሠራር ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ ግን ተወቃሹ መሪው ብቻ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ርካሹ ይበጃል ለሚሉ

ተቃዋሚዎች ዝም አይሉም፤ ክርክራቸውም በአግባቡ ሊሰማ ይገባል። ዋናው ቃላቸው እንዲህ ይጠቃለላል፦ ዋጋ ሲወደድ እንግዳ ይርቃል፤ እንግዳ ሲርቅ በቅሎ ነጂው፣ ተሸካሚውና አብሳዩ ሥራ ያጣሉ፤ ስለዚህ በጥቂቱም ቢሆን ማግኘት ከማጣት ይሻላል። በተጨማሪም ተራራ የሀብታም ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የአገሬው ወጣትም አገሩን ይርገጥ ይላሉ።

ሁለተኛው ነጥብ እውነት አለው። የአገሬው ሰው አገሩን ማየት ይገባዋል፤ ለዚህም የፓርክ መግቢያ ዋጋ ለዜጎች ዝቅ መደረጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለተማሪ ዋጋ መቀነስ ያለበት ከመግቢያው፣ ከመኝታው ምቾትና ከምግቡ ዓይነት ላይ ነው፤ ከማለማመጃው ሌሊት ላይ አይደለም። ራስ ዳሸንን በጥድፊያ ከሚረግጥ፣ ሳንቃበርና ግጭ አድሮ፣ ጭላዳን በመንጋ አይቶ፣ የጂንባርን ፏፏቴ ተመልክቶ በጤና የሚመለስ ወጣት አገሩን ይበልጥ አይቷል። ጫፍ መድረስ የተራራ ጉዞ ብቸኛ ዓላማ ነው ያለው ማስታወቂያው ነው እንጂ ተራራው አይደለም።

የመጀመሪያው ክርክር ግን አዛኝ መስሎ የሚጎዳ ነው። ጉዞው በአምስት ቀን ፈንታ በሦስት ቀን ሲያልቅ የሠራተኛው የሥራ ቀንም ከአምስት ወደ ሦስት ይወርዳል። የአራት ሰው ጭነት ለሦስት ሰው ሲጫን አንድ ሰው ሥራ ያጣል። ስለዚህ ርካሹ ጉዞ ለአካባቢው ሥራ ፈጠረ የሚለው አባባል ከሒሳብ ጋር ይጣላል። አንድ እንግዳ በቀስታ ስድስት ቀን ሲሄድ ሁለት እንግዶች እየሮጡ ሦስት ሦስት ቀን ከሚያሳልፉት ያነሰ የሥራ ቀን አይሰጥም፤ የሚቀንሰው በየመንገዱ የሚጣለው ቆሻሻና የሚረገጠው ሣር ነው። በአካባቢው የሚቀረው ገንዘብ የሚበዛው እንግዳው በተራራው ላይ ሲውልና ሲያድር እንጂ ሲያልፍ አይደለም።

ሳይደርቅ በእርጥቡ

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚነሣበት የተለየ ምክንያት አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ2017 ወጣ። ለዚያ መውጣት ዋጋ ከከፈሉት ዋነኞቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ውስጥ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ናቸው። እርሻቸውን ትተው ለወጡ ሰዎች የእንግዳው መምጣት ተጨማሪ ገቢ ብቻ አልነበረም፤ የተተወው ኑሮ ምትክ ይሆናል የተባለ ተስፋ ነበር።

ከዚያ የመጣው ደግሞ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መንገዱን ዘጋ። በዚያው ዓመት ኅዳር በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ በ2021 የደባርቅ አካባቢ ራሱ ውጊያ ደረሰበት። የ2022ቱ የሰላም ስምምነት ተስፋ ሰጥቶ ሳለ፣ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት እንግዳውን እንደገና አራቀው። በቅሎውን የሸጠ አለ፤ ሙያውን ትቶ ወደ ከተማ የወረደ መሪ አለ። ሰላም ባልተረጋገጠበት መንገድ ላይ ጉዞ መሸጥ ከሁሉ የከፋው የዕቅድ ጉድለት ነውና፣ ማንም ወኪል የመንገዱን ደኅንነት ከአካባቢው ሰው ሳያረጋግጥ የሰው ገንዘብ ሊቀበል አይገባም።

ሰላም የሰፈነ ዕለት ግን ምን ይሆናል? የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ለዓመታት ገቢ ያጣ አካባቢ በማንኛውም ዋጋ ለመሥራት ይቸኩላል። የመጀመሪያው ወኪል ዋጋ ያወርዳል፤ ሁለተኛው ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ሦስተኛው ሌሊቱን ይሰርዛል። ረሀብ ሲደራደር ሁልጊዜ ይሸነፋል። አንድ ጊዜ የወረደ ዋጋ ደግሞ እንደ ልማድ ይቆጠርና ለመመለስ ዓመታት ይፈጃል፤ ኪሊማንጃሮ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ ደንቡ መጻፍ ያለበት እንግዳው ከመምጣቱ በፊት፣ መንገዱ ጸጥ ባለበት በአሁኑ ጊዜ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

ሊጻፍ የሚገባውም ብዙ አይደለም። ከ3,500 ሜትር በላይ የሚወጣ ማንኛውም ጉዞ ዝቅተኛው የሌሊት ቁጥር ይታወቅ፤ ከዚያ በታች የሆነ ዕቅድ በደባርቅ የመግቢያ ፈቃድ አያግኝ። የበቅሎ ጭነት ይመዘን። ለበቅሎ ነጂ፣ ለስካውትና ለአብሳይ ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ምግብ በእንግዳው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ይጻፍ። የአበሉ ልክ በአማርኛ ተጽፎ ሠራተኛው በሚያነበው ቦታ ይለጠፍ። መሪው ጉዞ የማቋረጥ ሥልጣኑ በውል ይስፈር፤ በማቋረጡም ከክፍያው ሳንቲም አይቀነስበት። የአጨዳው ወራት ሥራ አስቀድሞ በወረፋ ይታደል።

ተጓዡም ከኃላፊነት አያመልጥም። በናማንጋ በኩል ተሻግሮ ወደ ሞሺ የሚወርደው የናይሮቢ ነዋሪ፣ ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው ስደተኛ፣ ከአዲስ አበባ ጓደኞቹን አሰባስቦ የሚነሣው ወጣት፣ ሁሉም ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ። በየትኛው ሌሊት ስንት ሜትር ላይ ይታደራል? ትርፍ ቀን አለ ወይ? ስንት ሰው ስንት ኪሎ ይሸከማል? የት ይተኛሉ፤ ምን ይከፈላቸዋል? የታመመ ሰው ቢኖር ማን ያወርደዋል፤ የመመለሱን ውሳኔስ የሚሰጠው ማን ነው? እነዚህን ስድስትና ሰባት ጥያቄዎች ፊት ለፊት የማይመልስ ሻጭ ጉዞ ሳይሆን ዕጣ እየሸጠ ነው። ጥያቄውን ያልጠየቀ ገዥም ዕጣው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሲወጣ አላየሁም ሊል አይችልም።